እያወቁ ለምን? በተራዘመ ግጭትና ችግር ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች እንዴት ይወስናሉ

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያንን ያሳፈረች ጀልባ በየመን አብያን ግዛት የባሕር ዳርቻ ሰጠመች። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መጀመሪያ የሰጠው መግለጫ የሟቾቹን ቁጥር ቢያንስ 68 አድርሶት ነበር፤ አስከሬን በተገኘ ቁጥር ግን አኃዙ ከዚያም አልፏል። ዜናው በተሰማበት ቤት ሁሉ የተነሳው ጥያቄ ቀደም ባሉት ተመሳሳይ አደጋዎች ጊዜም ሲጠየቅ የኖረ ነው፦ ሞት እንዳለበት እያወቁ ለምን ይሄዳሉ?

ጥያቄው የጀልባውን ጉዞ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቤተሰቡ እየተራበ በሬውን የማይሸጥ ገበሬ፣ ተኩስ ከሚሰማበት ቀበሌ የማይወጣ አባወራ፣ ከትምህርት ገበታ የራቀችን ልጅ ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ የሚድር ቤተሰብ፣ ወደ ቀዬህ ተመለስ ሲባል መጠለያ ውስጥ መቆየትን የሚመርጥ ተፈናቃይ፤ የእነዚህም ሰዎች ውሳኔ ከሩቅ ለሚያይ ግር ይላል። በሕዝብ ንግግር ውስጥ ለዚህ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉ። አንደኛው «ግንዛቤ የላቸውም» የሚል ሲሆን ብዙ የቅስቀሳና የሥልጠና ፕሮጀክቶች የሚቀረጹት ከዚህ ተነስተው ነው። ሁለተኛው በርዳታ ድርጅቶች ሰነዶች ውስጥ «ሪዚሊየንስ» እየተባለ የሚጠራው እሳቤ ነው፤ ሰዎች ጉዳትን ችለው መልሰው የመቆም አቅም አላቸው ይላል። የመጀመሪያው ችግረኛውን አላዋቂ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ምንም ቢጫንበት የሚችል።

በሰሜን ኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት የሆነውን ተከትሎ ላየ ሰው ሁለቱም መልሶች አያጠግቡም። ቤተሰቦች ያሰላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም በያዙት መረጃ ልክ በደንብ ያሰላሉ። የጠበበው ሊመርጡት የሚችሉት ነገር ነው፤ ያጠበቡትም እነሱ አይደሉም።

ችግር ሲደራረብ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ጊዜ በአንድ የሰሜን ወሎ ወይም የራያ ገበሬ ቤት በኩል እንመልከተው። በ2012 የበረሃ አንበጣ መጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፣ በዓመቱ ክረምት ውጊያው ወደ አማራና አፋር ክልሎች ዘለቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተስፋፋው ግጭት የተነሳ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በ2016 ግንቦት ማብቂያ ላይ ጊዜው ቢያልፍም ግጭቱ አልቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እያንዳንዱ ክስተት ለብቻው ቢመጣ ኖሮ የገጠሩ ቤት የሚመክትበት የቆየ ዘዴ ነበረው። በጎተራ ያለው እህል፣ በግና ፍየሉ፣ የሚስት ጌጥ፣ የዘመድ ብድር ለአንድ ክፉ ዓመት ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ጎተራው እስኪሞላና በጎቹ እስኪበዙ ሁለትና ሦስት ደህና ዓመት ያስፈልጋል። ከ2012 ወዲህ በብዙ አካባቢዎች የጠፋው ይህ የማገገሚያ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ችግር ሲመጣ ለመጀመሪያው የወጣው ጥሪት አልተተካም፤ ሦስተኛው ሲደርስ ደግሞ ያለፈው ዓመት ብድር ገና አልተከፈለም።

ጉዳቱ ለስንት ጊዜ እንደሚዘልቅ ከቀድሞው ታሪካችን ማየት ይቻላል። ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ገጠር ባደረጉት ጥናት፣ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የተመቱ ቤተሰቦች ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ ኑሯቸው የሚሻሻልበት ፍጥነት ብዙም ካልተመቱት ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ዝናቡ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ቤቱ ግን የቀድሞ ቦታው ላይ አልደረሰም ነበር።

በሬው ለምን አይሸጥም?

ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከውጭ ላለ ሰው ለመረዳት የሚከብደው ይህ ነው። በረት ውስጥ የሚሸጥ ከብት እያለ ቤተሰብ ለምን በቀን አንድ ጊዜ ይበላል?

መልሱ ያለው በአሻሻጡ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ዶሮና እንቁላል ይሸጣል፣ ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ከዚያ ጊደሯ። ጤፍ ያመረተ ቤት ጤፉን ሸጦ በቆሎ ወይም ማሽላ ይገዛል፤ በአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ከአንድ ኩንታል በላይ ሌላ እህል ስለሚገኝ የክረምቱን ወራት ለመሻገር ያግዛል። ገበታው ይሳሳል፤ ከሦስት ጊዜ ወደ ሁለት፣ ከእንጀራ ወደ ንፍሮና ቆሎ። ከትልልቆቹ ቀድማ የምትቀንሰው ብዙውን ጊዜ እናት ናት። በሬው የሚነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ብቻ።

አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ፣ በመቀናጆ፣ ማረስ ይችላል። ሁለቱንም የሸጠ ግን መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ አራሽ ከመስጠት በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። በእኩል የተሰጠ መሬት ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሽ ምርት ይዞ በሬ መልሶ መግዛት ከባድ ስለሆነ የሚቀጥለውም ዓመት መሬቱ በእኩል ይሰጣል። በዚህ መንገድ ለአንድ ክረምት ምግብ ሲባል የተሸጠ በሬ ባለመሬቱን ለዓመታት ግማሽ ገበሬ አድርጎ ያስቀራል። ረሃቡን ችሎ በሬውን ያቆየው ሰው ይህን አስልቷል።

ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። የረሃብ ተመራማሪው አሌክስ ደ ዋል በሱዳን ዳርፉር እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 ስለነበረው ረሃብ ባደረጉት ምርምር፣ ሰዎች የሚያኖራቸውን መተዳደሪያ ላለማጣት ሲሉ መራብን መርጠው እንደነበር አሳይተዋል። በደቡብ ወሎ ከ1991 እና 1992ቱ ድርቅ በኋላ የተደረገ ጥናትም ድሃ የሆኑት ቤተሰቦች ከብታቸውን ለመያዝ ሲሉ ከምግባቸው እንደቀነሱ፣ ደህና ጥሪት ያላቸው ግን ከጥሪታቸው ሸጠው ፍጆታቸውን እንዳስጠበቁ አመልክቷል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የመጀመሪያው ጥሪትን መጠበቅ፣ ሁለተኛው ፍጆታን መጠበቅ ይባላል። የድሃው ውሳኔ ጭካኔ ወይም ስስት የሚመስለው ይህ ልዩነት ሳይታይ ሲቀር ነው።

ገበያውም የራሱ ሚና አለው። በችግር ዓመት ሁሉም ሻጭ፣ ገዢ ግን ጥቂት ስለሆነ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ይወጣል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1965ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምሩ ያስተዋሉት አንዱ ነገር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይሰቀል ሰዎች መራባቸውን ነው። የሚገዙበት አቅም ተሟጦ ነበር፤ ምርታቸው ጠፍቷል፣ ከብታቸውም የሚያወጣው ዋጋ ወድቋል። ሴን «ኢንታይትልመንት» ያሉት አንድ ሰው ባለው ሀብት፣ ጉልበትና መብት ምግብን በእጁ የማስገባት አቅሙን ነው። ሰው በሬውን ዛሬ ቢሸጠው ስንት ኩንታል እንደሚያገኝበት ያውቃል፤ ሁለት ወር ቢታገሥ ርዳታ ሊደርስ እንደሚችልም ያስባል። በሬው አንዴ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ርዳታ ግን ነፍስ ያቆያል እንጂ ማረሻ አይመልስም።

ጦርነት በዚህ የቆየ ስሌት ላይ አዲስ ነገር ጨምሯል። ከብት አይደበቅም። በ2013 እና 2014 ግንባር በተፈራረቀባቸው አካባቢዎች ከብት ተነድቷል፣ ታርዷል፣ ዘር ሳይቀር ተወስዷል። ስለዚህ በድርቅ ጊዜ የመጨረሻ መከታ የነበረው በሬ በጦርነት ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠፋ ሀብት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቦች ከብቱን ከዋናው መንገድ ራቅ ወዳለ ዘመድ ዘንድ ያሸሻሉ፣ እህሉን በተለያየ ቦታ ይቀብራሉ፣ ወይም አስቀድመው ሸጠው ገንዘቡን ልጅ ለመላክ ያውሉታል። ከግጭት በፊት ባለው ሚዛን «ሞኝነት» ይባል የነበረው ሽያጭ ግጭት ሲመጣ ብልሃት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ልጆችን በየአቅጣጫው ማሰማራት

ወደ ጀልባው እንመለስ። ስደትን አንድ ወጣት ለብቻው የሚወስነው አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ኢኮኖሚስቱ ኦዴድ ስታርክና መሰሎቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያቀረቡት ማብራሪያ ግን ወሳኙ ቤተሰቡ መሆኑን ያጎላል። የግብርና መድን በሌለበት፣ ብድርም በአራጣ ካልሆነ በማይገኝበት ቦታ ቤተሰብ አባላቱን በተለያየ ሥፍራና ሥራ ያሰማራል፤ አንዱ ከማረሻው ጋር፣ አንዱ በከተማ የቀን ሥራ፣ አንዷ በዐረብ አገር። ዝናብ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል።

ለሰሜኑ ደጋ ሰው ከነዚህ አቅጣጫዎች አንዱ ለረጅም ጊዜ የሑመራና የመተማ የሰሊጥ ሥራ ነበር። ብዙ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወርዶ ለበዓል የሚሆን ገንዘብ ይዞ ይመለስ ነበር። ከ2013 ወዲህ ሑመራ የጦርነትና የይገባኛል ጥያቄ ማዕከል ሆነች፤ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ የታጣቂዎችና የአጋቾች ሥጋት አለበት፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከድንበሩ ማዶ የሱዳን ጦርነት ተነሳ። ቅርብ የነበረውና ሰው ሄዶ የሚመለስበት በር እንዲህ ሲጠብ፣ ሩቁና አደገኛው በር ብቻውን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለ የመን መንገድ አደጋ ስንነጋገር የሑመራን መንገድ መዘጋት አብሮ የሚያነሳ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ምሽት ምክር ላይ የሚነሱ ነገሮች ናቸው።

የምሥራቁ መስመር የሚባለው በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ኦቦክ፣ ወይም በሶማሊያ በኩል ወደ ቦሳሶ ይደርስና ባሕሩን ተሻግሮ የመን ይገባል። በየመን ላህጅና አካባቢው ስደተኞች እየታገቱ ከቤተሰብ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቅባቸዋል። ከየመን ወደ ሳውዲ በሚወስደው ድንበር ላይ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ገልጿል፤ የሳውዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ይህ ሁሉ በመንደሩ ይታወቃል። ታዲያ ለምን ይኬዳል?

አንዱ ምክንያት ክፍያው የሚፈጸምበት መንገድ ነው። ብዙ ደላሎች መነሻ ላይ ገንዘብ አይጠይቁም ወይም ጥቂት ብቻ ይቀበላሉ፤ ዋናው ክፍያ የሚመጣው ልጁ ከታገተ በኋላ ከቤተሰብ ነው። መነሻው ነፃ ስለሚመስል እጁ ላይ ምንም የሌለው ልጅም ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም ለወላጆቹ ሳይናገር። በሬው የሚሸጠውና መሬቱ በወለድ አገድ የሚያዘው ስልክ ሲደወል ነው። እዚህ ላይ የስታርክ ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ቤተሰቡ ሳይመክርበት የተጀመረ ጉዞ የቤተሰቡን ጥሪት ሁሉ ይጠቀልላል።

ሌላው የሚታየውና የማይታየው ነገር ልዩነት ነው። የተሳካለት ስደተኛ ቆርቆሮ ቤት ያሠራል፣ ወንድሙን ያስተምራል፣ ለእናቱ ወፍጮ ይተክላል። በባሕር የቀረው ግን ብዙ ጊዜ እንኳን መቃብር መርዶም የለውም፤ ቤተሰቡ «የመን ታስሮ ይሆናል» እያለ ለዓመታት ይጠብቃል። የሚቆጠረው የተሳካው ሆኖ ሲገኝ ሚዛኑ ይዛባል። በዚህ ነጥብ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው አስተያየት ከፊል እውነት አለው።

የምንዛሪው ለውጥም ይጨመራል። የሳውዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ፣ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ አንድ ሪያል በባንክ 15 ብር ያህል ነበር፤ ዶላር 130 ብር ሲያልፍ ሪያሉ ከ34 ብር በላይ ሆኗል። በሐዋላና በትይዩ ገበያ ሲልክ ለኖረ ሰው ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋ አይደለም፣ የትይዩ ገበያው ዋጋ ከድሮም ከፍ ያለ ነበርና። ሆኖም የአገር ውስጥ የቀን ሥራ ገቢ ከኑሮ ውድነቱ እኩል ባልተራመደበት ጊዜ የባሕር ማዶው ደመወዝ ከዕለት ወደ ዕለት እየራቀና እያማለለ ሄዷል። ከ2014 ጀምሮ ከሳውዲ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ወደ አገር ቤት ቢመለሱም ከተመላሾቹ መካከል እንደገና መንገድ የሚገቡት ጥቂት አይደሉም። ዕዳው ባለበት ነው፣ ሥራውም አልተገኘም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ

በትግራይ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት አልገቡም፤ መጀመሪያ በኮቪድ፣ ቀጥሎ በጦርነት። በአማራ ክልል በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ እንደነበሩ ተነግሯል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ስሜት አይሰጥ ይሆናል። በቤት ውስጥ ግን ጥያቄው የአንድ ልጅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ምን ትሁን?

ወላጅ ልጁን ለማስተማር ሲወስን ዓመታት የሚወስድ ኢንቨስትመንት እየገባ ነው፤ ዛሬ የልጁን ጉልበት ይተዋል፣ ነገ ደመወዝ ይጠብቃል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የፈተናው ጥብቅነት ስርቆትን ለማስቀረት አስፈላጊ ነበር የሚሉ አሉ፤ ተማሪው ያልተማረውን ተፈተነ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ተገቢ ክርክር ያላቸው ናቸው። በገጠር ቤት የደረሰው መልእክት ግን አንድ ነው፦ 12 ዓመት ተምሮ ከ100 ልጆች 95ቱ አያልፉም። መንገድ በተዘጋበት፣ መምህር ለደመወዝ ወደ ከተማ ሲወጣ ታግቶ በሚቀርበት ቀበሌ ያለ አባት ይህን ሰምቶ ልጁን ወደ ኦቦክ መንገድ የሚያይ ከሆነ፣ ስንፈርድበት ቆም ማለት ይገባናል።

ለሴት ልጅ ስሌቱ ይከፋል። ትምህርት ቤት ስትውል የነበረች ልጅ ቤት ስትውል፣ በአካባቢው ታጣቂ ሲበዛ፣ ቤተሰቡ የሚፈራው አስገድዶ መድፈርን ነው። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን የማያውቅ ወላጅ ዛሬ ጥቂት ነው። ሆኖም ልጅቱን ከአንድ ደህና ቤት አስጠግቶ ከዓይን ማራቅ ጥበቃ መስሎ ይታያል። ጥበቃ የሚመስለው ውሳኔ ግን ከሁሉም የማይመለስ ነው። የተሸጠ በሬ ተሠርቶ ይገዛል፤ በ15 ዓመቷ ወልዳ የተጎዳች ልጅ የምታጣውን ማንም አይመልስላትም። እዚህ ጋ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ የቤተሰቡን ፍርሃት መረዳት ለልጅቱ የተደረገው ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ እሷ በምክሩ ላይ አልተቀመጠችምና።

መንገዱ ክፍት ነው?

በግጭት አካባቢ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱን የሚሰጠው ሬዲዮ ወይም መግለጫ ሳይሆን ሾፌር፣ ረዳት፣ ከብት ነጋዴ ወይም በመሃል ከተማ ያለ ዘመድ ነው። በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጠው ቆይተዋል፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። መረጃ ሲቋረጥ ሰው በሚያምነው ሰው አፍ ላይ ይወድቃል፤ ወሬውም ከመንገዱ ይልቅ በዝግታ ይለወጣል። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ የእገታ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ የቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ታግተው መወሰዳቸው ብዙ ወላጆች ዩኒቨርሲቲን ራሱን በሌላ ዓይን እንዲያዩት አድርጓል።

ገንዘብም እንደ መረጃው ነው። ከሰኔ 2013 መጨረሻ እስከ 2015 አጋማሽ በትግራይ ባንኮች ተዘግተው በነበረበት ጊዜ፣ በሂሳቡ ብር ያለው ሰው ብር እንደሌለው ሆኖ ኖሯል። ከአዲስ አበባ የተላከ ገንዘብ በእጅ የሚደርሰው ደላላው ከፍተኛ ድርሻ ቆርጦ ካስቀረ በኋላ ነበር። በመቀሌ የአይደር ሪፈራል ሆስፒታል ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ መድኃኒትም ሳይኖር ሠርተዋል። ከዚህ የተማረ ቤተሰብ ባንክ ከተከፈተ በኋላም ቁጠባውን ሁሉ ባንክ ባያስቀምጥ የሚያስደንቅ አይሆንም። የጠፋ አመኔታ በአንድ ቀን መግለጫ አይመለስም።

ዕቁብ፣ እድር፣ በወሎ ደግሞ ቅሬ የሚባለው መረዳጃ በዚህ ጊዜ የት ነው ያለው? እነዚህ ማኅበራት የሚሠሩበት መላ ግልጽ ነው፤ የአንዱን ቤት ሐዘን ወይም ችግር ብዙዎች ይካፈሉታል። ሁሉም ቤት በአንድ ሌሊት ሲመታ ግን የሚያካፍል ይጠፋል። ዕቁብም ዙሩ እስኪያልቅ አባላቱ በቦታቸው እንደሚኖሩ ታምኖ የሚጣል ነው፤ ማን መቼ እንደሚፈናቀል በማይታወቅበት ቦታ ይህ እምነት ይሳሳል። «ኅብረተሰቡ ተረዳድቶ ያልፈዋል» የሚለው ተስፋ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። መረዳዳቱ አልጠፋም፤ የሚረዳው ቤት ራሱ ባዶ ሆኗል።

በሁለት ታጣቂ መካከል

ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መነጋገር አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም መዝለል አይቻልም። ሌሊት አንድ ኃይል፣ ቀን ሌላ ኃይል በሚመጣበት ቀበሌ የሚኖር ሰው «የማን ደጋፊ ነህ» የሚለው ጥያቄ ሕይወቱን የሚያስከፍለው ነው። የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ስታቲስ ካሊቫስ በተለያዩ አገሮች የእርስ በርስ ጦርነቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰላማዊ ሰዎች ለታጣቂ ኃይሎች የሚሰጡት ትብብር ከቀድሞ የፖለቲካ ፍላጎታቸው ይልቅ አካባቢውን የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ በእጅጉ እንደሚከተል ተከራክረዋል። ስንቅ የሰጠ፣ ኬላ ላይ የከፈለ፣ ስብሰባ የተጠራና የሄደ ሰው ይህን ያደረገው በእምነት ይሁን በፍርሃት ከውጭ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ኋላ የተመለሰው ኃይል ግን በዚሁ ድርጊት ይፈርድበታል። ብዙዎች ዝም የሚሉት፣ ከሠርግና ከለቅሶ የሚቀሩት፣ ልጃቸውን ወደ ከተማ የሚያሸሹት ለዚህ ነው።

ከመጠለያ መመለስም በዚህ ይታያል። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ለዓመታት የቆዩ ሰዎች፣ ወይም ከምዕራብ ትግራይ ወጥተው በሽሬና በመቀሌ የተጠለሉ፣ «ሰላም ሆኗል፣ ተመለሱ» ሲባሉ የሚጠይቁት ስለ ሰላሙ ብቻ አይደለም። መሬቴን የያዘው ማን ነው? የይዞታ ደብተሬ ጠፍቶብኛል፣ ማን ይሰጠኛል? ከዚያ ያስወጣኝ ጎረቤት ዛሬም እዚያው አለ? እነዚህ ሳይመለሱ መጠለያ ውስጥ የሚቆይን ሰው ርዳታ ለምዷል ማለት ይቀላል። ያልተመለሰው ግን የቀበሌው ጥያቄ ነው።

ችግር አእምሮን ያጠባል ወይ?

በአጥኚዎች መካከል ያለው ክርክር ለፖሊሲ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አንደኛው ወገን ዕጦት ራሱ የማሰብ አቅምን ይሻማል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊት ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ የሰጡት የፈተና ውጤት ምርት ከሰበሰቡ በኋላ ከሰጡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ የዛሬው ጭንቀት የነገውን የማየት አቅም ይበላል የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ቦታዎች የተደረጉ ሙከራዎች ሁልጊዜ ይህንኑ ውጤት አላስገኙም፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

ሁለተኛው ወገን ከላይ እንዳየነው የበሬ ታሪክ ዓይነት ማስረጃ ያቀርባል፤ የተራበ ገበሬ ለሚቀጥለው ዓመት ሲል ዛሬ ከሚያስፈልገው በታች ይበላል። ነገን የማያይ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ ያለ ይመስለኛል። በለመደው ችግር፣ እንደ ድርቅና የዋጋ መዋዠቅ ባለው፣ ሰው ከአባቱ የወረሰው ሥርዓት ስላለው አርቆ ያስባል። ያልለመደው ችግር ሲመጣ፣ የእገታ፣ የባንክ መዘጋት፣ ግንባሩ በየሳምንቱ የሚቀያየር ጦርነት ሲሆን፣ የሚመራበት ልምድ የለውም፤ ስለዚህ ውሳኔው አጭርና ድንገተኛ ይሆናል። የስደት ደላላውም የሚሠራው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

በአገራችን ሦስተኛ ወገን አለ፤ ርዳታ ጥገኛ ያደርጋል የሚል። ተቃውሞው ከምንም የተነሳ አይደለም፣ ለዓመታት ስንዴ እየተሰጠ የማይለወጥ አካባቢ ያየ ሰው የሚለው ነው። ነገር ግን በ1997 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ማለትም ለምግብ ዋስትና ችግር የተጋለጡ ቤተሰቦች በተወሰኑ ወራት ሥራ እየሠሩ ገንዘብ ወይም እህል የሚያገኙበት መርሐ ግብር፣ ዓላማው ሰው በሬውን እንዳይሸጥ ማድረግ ነበር። የተደረጉ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት ክፍያው በሙሉና በወቅቱ ሲደርስ ቤተሰቦች ጥሪታቸውን ጠብቀዋል፤ ሲዘገይ ውጤቱ ቀንሷል። በ2015 የምግብ ርዳታ ለሌሎች ዓላማ ውሏል በሚል ምክንያት የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሥርጭቱን መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ አቋርጠው ለወራት ቆይተዋል። ከጥር 2017 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ርዳታ በከፍተኛ ደረጃ ተቆርጦ ድርጅቱ ራሱ ተዘግቷል። እህል ሰርቆ የሸጠው ሰው በምርመራ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። የተቋረጠው ግን የተረጂው ድርሻ ነው፤ በነዚያ ወራት የተሸጠው ከብትም የማን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የሁሉ ብልሃት አንድ ላይ ሲደመር

አንድ ቤት የሚወስነው ብልህ ውሳኔ ብዙ ቤቶች ሲወስኑት ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ ገበሬ በሬውን ቀድሞ ቢሸጥ ያተርፋል፤ ሁሉም ቀድሞ ከሸጠ ዋጋው ይወድቃል። አንድ ወጣት ቢሰደድ ለቤቱ ተስፋ ነው፤ የቀበሌው ወጣቶች አብዛኞቹ ሲሄዱ በሰኔ የሚያርስ፣ በኅዳር የሚያጭድ ይጠፋል። አንድ ነጋዴ እገታ ፈርቶ ዕቃ ባያመጣ ራሱን ያድናል፤ ሁሉም ሲፈራ ጨውና ዘይት ይወደዳል። አንድ መምህር ቢሸሽ ትክክል ነው፤ ሁሉም ሲሸሽ ትውልድ ይቀራል። የግለሰብን ጥበብ ወደ ጋራ ጉዳት የሚለውጠው ይህ ድምር በቅስቀሳ አይስተካከልም፤ እያንዳንዱ ሰው በቦታው ሆኖ የወሰነው ትክክል ነውና። የሚስተካከለው ውሳኔው የሚታይበት ሁኔታ ሲለወጥ፣ ማለትም መንገዱ ሲከፈት፣ ባንኩ ሲታመን፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ፍርሃት ሲከፈት፣ ርዳታው በሬው ከመሸጡ በፊት ሲደርስ ነው።

ስምምነት መፈረም ይህን ሁሉ በራሱ አያመጣም። ከፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በትግራይ ተኩስ ቆሞ፣ ባንክም ተከፍቶ ነበር፤ የወጣቱ ስደት ግን አልቆመም። ምክንያቱ ከላይ የተቆጠረው ነው፤ ያልተተካ ጥሪት፣ ያልተከፈለ ብድር፣ ያልተመለሰ መሬት፣ የቀረ የትምህርት ዓመት።

ስለዚህ ቀጣዩን አደጋ ቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ ክልልና ድርጅት ከጀልባው ዜና ቀደም ብለው የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በሚያዝያና በግንቦት በወረዳ ገበያ አንድ በሬ ስንት ኩንታል ማሽላ እንደሚገዛ፣ በሰኔ ስንት ገበሬ መሬቱን በእኩል እንደሰጠ፣ በመስከረም በ7ኛና 8ኛ ክፍል የሴቶች ምዝገባ ካለፈው ዓመት በስንት እንደቀነሰ። እነዚህ ቁጥሮች በቀበሌ ደረጃ ሊሰበሰቡ የሚችሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በግብርናና በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ላይ አሉ። የበሬው ዋጋ በግንቦት ሲወርድ ለዚያ ወረዳ ገንዘብ በሰኔ ከደረሰ፣ በጥቅምት መንገድ ሊጀምር ካለው ልጅ ቤት ቢያንስ አንዱ ምክንያት ይነሳል።